በሁለት ስቴት ቤት ላላቸው፦ ስለ መኪና ታርጋና ኢንሹራንስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ በሁለት ስቴት ቤት ይዘው መኪናቸውን የት እንደሚያስመዘግቡ፣ የት ኢንሹራንስ እንደሚገቡ ግራ ለገባቸው ወገኖች፣ በኢንሹራንስ ሥራዬ ላይ ደጋግመው ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች የተሰበሰበ።

ሁለት ቤት ካለኝ መኪናዬን ደስ ባለኝ ስቴት ማስመዝገብ እችላለሁ?

አይችሉም። ቤቱ የእርስዎ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። የብዙዎቹ ስቴቶች ሕግ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ እርስዎ የየትኛው ስቴት ነዋሪ ነዎት? መኪናውስ አብዛኛውን ጊዜ የት ነው የሚያድረው? ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ዋጋ የሚተምኑት መኪናው ከሚያድርበት ቤት ዚፕ ኮድ ተነሥተው ነው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ሁለተኛ ቤት ገዙ እንበል። የጋርላንዱን ቤት አከራይተውት ከሆነ፣ ወይም በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ የሚያርፉበት ከሆነ፣ ሜሪላንድ የሚያድረው መኪና የቴክሳስ ታርጋ አይለጠፍበትም። አንዱን መኪና ወስደው እዚያው ካኖሩት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዞረው የሚገቡት እዚሁ ነው፦ መኪናው የት ያድራል?

ኑሮዬ ግማሽ በግማሽ ነው። የየትኛው ስቴት ነዋሪ ነው የምባለው?

አንድ ወረቀት ብቻውን አይወስነውም። መንጃ ፈቃድዎ የየት ነው? ዜጋ ከሆኑ ድምፅ የሚሰጡት የት ነው? የስቴት ግብር የሚያስገቡት፣ ልጆች የሚማሩት፣ የሚሠሩት የት ነው? በዓመት ብዙውን ቀን የሚያሳልፉትስ? እነዚህ ሁሉ ተደምረው ነው የሚታዩት። ችግር የሚመጣው መንጃ ፈቃዱ የፍሎሪዳ፣ ሥራው ሜሪላንድ፣ ታርጋው የቨርጂኒያ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ፋይል የመረመረ ሰው ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም።

ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው ግብር ነው። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ፣ እዚያ ቤት ይዞ በዓመት ከ183 ቀን በላይ የቆየን ሰው፣ «መኖሪያዬ ሌላ ስቴት ነው» ቢልም እንደ ነዋሪ ቆጥረው የገቢ ግብር ይጠይቁታል። ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና ኔቫዳ የስቴት የገቢ ግብር ስለሌላቸው ብዙ ሰው የእነሱን ታርጋ ለጥፎ የተገላገለ ይመስለዋል፤ ታርጋ ግን ቀን አይቆጥርም። ሁለተኛው ሆምስቴድ የሚባለው የቤት ግብር ቅናሽ ነው። ይህ የሚሰጠው ለዋናው መኖሪያ ብቻ ስለሆነ በሁለት ስቴት መውሰድ አይቻልም። ፍሎሪዳ ያለ አግባብ የወሰደን ሰው እስከ 10 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሳ ያልተከፈለውን ግብር፣ 50 በመቶ ቅጣትና በዓመት 15 በመቶ ወለድ ታስከፍላለች። የመኪናው ታርጋ የየት እንደሆነም ከሚታዩት ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ከሁለቱም ስቴት መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል?

አይቻልም። አንድ ሰው አንድ መንጃ ፈቃድ ነው የሚይዘው፤ አዲሱ ስቴት ሲሰጥዎ የድሮው ይሰረዛል። ከግንቦት 2025 ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠየቀው ሪል አይዲም እንዲሁ አንድ ብቻ ነው። መኪና ግን በሁለት ስቴት ማስመዝገብ ይቻላል፤ ሁለት መኪና ካለዎት አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ሊመዘገብ ይችላል። ፍሎሪዳን ብንወስድ መኪና ለማስመዝገብ የፍሎሪዳ መንጃ ፈቃድ ግዴታ አይደለም፤ የፍሎሪዳ ኢንሹራንስ ግን ግዴታ ነው።

ጠቅልዬ ከተዛወርኩ ታርጋ ለመቀየር ስንት ቀን አለኝ?

እንደ ስቴቱ ነው፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው። ሜሪላንድና ሚኔሶታ 60 ቀን ይሰጣሉ። ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ኔቫዳና ዋሽንግተን ስቴት 30 ቀን። ካሊፎርኒያ 20 ቀን። ኮሎራዶ 90 ቀን። ከእነዚህ የሚያጥረው የፍሎሪዳ ነው፤ ሥራ ከጀመሩ ወይም ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ካስገቡ 10 ቀን ብቻ ነው ያለዎት። «ገና ቤቱን እያደስን ነው» እያለ ሦስት ወር የሚያሳልፍ ሰው ብዙ ነው፤ ልጁ ክፍል ከገባበት ቀን ጀምሮ ግን ቀኑ እየተቆጠረ ነው።

የመንጃ ፈቃዱ ቀን ደግሞ ከታርጋው ሊለይ ይችላል። ቴክሳስ ለመንጃ ፈቃድ 90 ቀን፣ ቨርጂኒያ 60 ቀን፣ ፍሎሪዳ 30 ቀን ይሰጣሉ። ካሊፎርኒያ ላይ መንጃ ፈቃዱ ነው የሚቀድመው፤ 10 ቀን ነው።

ታርጋው የአንዱ ስቴት፣ ኢንሹራንሱ የሌላው ቢሆን ምን አለበት?

አይሠራም፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚገባበት ወጥመድም ይህ ነው። ኢንሹራንሱ መኪናው በተመዘገበበት ስቴት የተጻፈ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ዝቅተኛ መጠን አለው፤ ኩባንያው ፖሊሲውን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉን፣ የሚጽፈው በዚያው ልክ ነው፤ ፖሊሲው መኖሩንም በኮምፒውተር ለዚያው ስቴት መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። የፍሎሪዳ ታርጋ ይዘው የሜሪላንድ ፖሊሲ ቢኖርዎት፣ በየወሩ እየከፈሉም ቢሆን የፍሎሪዳ ኮምፒውተር የሚያውቅዎት ኢንሹራንስ እንደሌለው ሰው ነው።

መጠኖቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ ይዩ። ሜሪላንድ በላያቢሊቲ በኩል፣ ማለትም እርስዎ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት በሚከፍለው ሽፋን፣ የምትጠይቀው ለአንድ ተጎጂ 30 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 60 ሺህ፣ ለንብረት 15 ሺህ ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ከጥር 2025 ጀምሮ 50 ሺህ፣ 100 ሺህና 25 ሺህ አድርጋዋለች። ቨርጂኒያ ድሮ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ትፈቅድ ነበር፤ ያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ቀርቷል፤ አሁንም «ቨርጂኒያ ኢንሹራንስ ግዴታ አይደለም» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው ማንሣቴ። ፍሎሪዳ ደግሞ አሠራሯ ሌላ ነው፤ ጥፋቱ የማንም ይሁን የራስዎን ሕክምና የሚከፍል ፒአይፒ የሚባል 10 ሺህ ዶላር፣ በተጨማሪም ለሌላ ሰው ንብረት 10 ሺህ ዶላር ትጠይቃለች።

ያለኝ መኪና አንድ ነው፤ ይዤው እመላለሳለሁ። ምን ላድርግ?

ዋናው መኖሪያዎ ባለበት ስቴት ያስመዝግቡትና ለኢንሹራንስ ኤጀንትዎ «በዓመት ይህን ያህል ወር እዚያኛው ቤት ያድራል» ብለው ይንገሩት። የመናገሩ ጥቅም ጥያቄ የተነሣ ቀን ይገባዎታል። ኤጀንቱ ሁለተኛውን አድራሻ ፋይሉ ላይ ያስገባል፤ ዋጋው ትንሽ ሊለወጥ ይችላል፤ እርስዎ ግን የደበቁት ነገር የለም። በኢሜይል ቢጽፉለት ይሻላል።

መንገድ ላይስ? የተለመደው የግል መኪና ፖሊሲ በመላው አሜሪካና በካናዳ ይሠራል፤ ሜክሲኮ ላይ አይሠራም። ሌላ ስቴት ውስጥ አደጋ ቢደርስብዎትና የዚያ ስቴት ዝቅተኛ መጠን ከእርስዎ ከፍ ቢል፣ ፖሊሲዎ በራሱ እዚያ ልክ ይደርሳል። በ30 ሺህ የሜሪላንድ ፖሊሲ ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተሻግረው ሰው ቢጎዱ፣ ለዚያ አደጋ 50 ሺህ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። ይህ ግን የተጻፈው ለእንግዳ እንጂ እዚያ ለሚኖር ሰው አይደለም።

ክረምቱን ፍሎሪዳ ለሚያሳልፉ አንድ ልዩ ነገር አለ። የሌላ ስቴት መኪና ባለፉት 365 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ፍሎሪዳ ከቆየ፣ ባለቤቱ ነዋሪ ባይሆንም የፍሎሪዳን ፒአይፒ መያዝ አለበት። ቀኖቹ ተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ ኅዳር ላይ የቆዩበት ወርና የካቲት ላይ የቆዩበት ወር ይደመራሉ። ኤጀንትዎ ይህን እንዲያስተካክልልዎ ከመነሣትዎ በፊት ይጠይቁት።

በየቤቱ አንድ አንድ መኪና ቢኖረኝስ?

ይህ ከአንዱ መኪና ጉዳይ ይቀላል። ሜሪላንድ የሚያድረውን ሜሪላንድ፣ ፍሎሪዳ የሚያድረውን ፍሎሪዳ ያስመዘግቡና ለእያንዳንዱ የስቴቱን ፖሊሲ ይገዛሉ። ሁለቱን ከአንድ ኩባንያ መግዛት ይቻላል፤ ፖሊሲዎቹ ግን ሁለት ናቸው፤ ሁለት ቁጥር፣ ሁለት ሂሳብ። መኪኖቹ አንድ ፖሊሲ ላይ ሲሆኑ የሚገኘው ቅናሽ ሊቀር ስለሚችል መጀመሪያ ዋጋ ያስወጡ። ቤቱንና መኪናውን አንድ ላይ በማድረግ የሚገኘው ቅናሽ ግን በየስቴቱ ለብቻው ሊያገለግልዎት ይችላል።

ሁለት ነገር እንዳይረሳ። ሁለቱም ፖሊሲ ላይ በቤቱ የሚኖሩ ነጂዎች በሙሉ ይመዝገቡ፤ ባለቤትዎ የሜሪላንዱ ላይ ተመዝግባ የፍሎሪዳው ላይ ስሟ ከሌለ፣ እዚያ ስትነዳ አደጋ ቢደርስ ክርክር ይነሣል። ከላያቢሊቲው በላይ የሚሸፍን አምብሬላ የሚባል ፖሊሲ ካለዎት ደግሞ ሁለቱም ቤት፣ ሁለቱም መኪና በስም ይግቡበት። ብዙ ኩባንያዎች አምብሬላ ከመስጠታቸው በፊት የእያንዳንዱ መኪና ላያቢሊቲ ለአንድ ተጎጂ 250 ሺህ፣ በአንድ አደጋ 500 ሺህ እንዲሆን ይጠይቃሉ። አንዱ መኪና ዝቅተኛው መጠን ላይ ከቀረ በመካከል ያለውን ክፍተት ከኪስዎ ነው የሚሞሉት።

ታርጋው ሳይመለስ ኢንሹራንሱን ብሰርዝ ምን ይደርሳል?

ሰው የሚጎዳበት ትልቁ ስህተት ይህ ስለሆነ በደንብ ያንብቡት። አንድ የማውቃቸው አባት ኅዳር ላይ ወደ ፍሎሪዳ ሲወርዱ «ጋራዥ ውስጥ ለቆመ መኪና ምን ብዬ እከፍላለሁ» ብለው የሜሪላንዱን ኢንሹራንስ በስልክ ሰረዙ። ታርጋው መኪናው ላይ እንደተሰካ ነው። ሚያዝያ ሲመለሱ ከበሩ ሥር ደብዳቤ ተከምሮ ጠበቃቸው። መኪናው አንድ ማይል አልተነዳም፤ ቅጣቱ ግን ወደ 1 ሺህ ዶላር ተጠግቷል። ደብዳቤዎቹን በፌስታል ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ሲዘረጉልኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፖሊሲ ሲሰረዝ ኩባንያው ለስቴቱ ያሳውቃል። ታርጋው ካልተመለሰ ሕጉ መኪናውን መንገድ ላይ እንዳለ ይቆጥረዋል። ሜሪላንድ ላይ ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት አንድ የተወሰነ ቅጣት አለ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ 7 ዶላር ይጨመራል። ካልተከፈለ ታርጋ ማደስ ይከለከላል፤ ዕዳውም ወደ ስቴቱ ሰብሳቢ ክፍል ይላካል። ፍሎሪዳ ደግሞ መንጃ ፈቃዱንና ታርጋውን እስከ ሦስት ዓመት ልታግድ ትችላለች፤ እገዳውን ለማስነሣት የሚከፈለው እስከ 500 ዶላር ይደርሳል። መኪናው ሌላ ስቴት ቢሆንም እንኳ የፍሎሪዳ ታርጋ እስካለው ድረስ የፍሎሪዳ ኢንሹራንስ ይጠየቅበታል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ አዲሱን ስቴት ኢንሹራንስ ይግቡ፤ ቀጥሎ መኪናውን እዚያ ያስመዝግቡ፤ ከዚያ የድሮውን ታርጋ ፈትተው ይመልሱና ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የድሮውን ኢንሹራንስ የሚሰርዙት በመጨረሻ ነው። በፖስታ ከላኩ የመከታተያ ቁጥር ያለው ይሁን፤ ከማሸግዎ በፊት ታርጋውን ፎቶ ያንሡት። ደረሰኙን አይጣሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሊጠየቁ ይችላሉ።

አዲስ አበባ ስድስት ወር ልቆይ ነው። ለቆመ መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ መክፈል አለብኝ?

ሙሉውን ላይጠበቅብዎት ይችላል። ብዙ ኩባንያዎች መኪናው በማይነዳበት ጊዜ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ሽፋን ብቻ እንዲቆይ አድርገው ዋጋውን በጣም ይቀንሳሉ። ኮምፕሪሄንሲቭ ስርቆትን፣ እሳትን፣ ጎርፍን፣ የወደቀ ዛፍን፣ ዳላስ ላይ ጣሪያና መስታወት የሚቀጠቅጠውን በረዶ ይሸፍናል። ላያቢሊቲውን ማንሣት የሚቻለው ግን ታርጋው ከተመለሰ ወይም ስቴቱ በሚፈቅደው መንገድ ከታገደ በኋላ ነው። ቨርጂኒያ ታርጋን በኢንተርኔት ማገድ ታስችላለች። ካሊፎርኒያ መኪናው መንገድ እንደማይወጣ የሚመዘገብበት አሠራር አላት። ሜሪላንድና ፍሎሪዳ ላይ ታርጋውን መመለስ ነው።

ፍሎሪዳ ላይ መኪና የሚተዉ ከሆነ ኮምፕሪሄንሲቩን ከመነሣትዎ በፊት ያስገቡ። አውሎ ነፋስ እየመጣ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ኩባንያዎች አዲስ ሽፋን መሸጥ ያቆማሉ። መኪናው የባንክ ዕዳ ካለበት ደግሞ ይህ ሁሉ አይሆንም፤ አበዳሪው ኮሊዥኑም (በግጭት የተጎዳውን የራስዎን መኪና የሚሸፍነው) ኮምፕሪሄንሲቩም እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ካነሡት ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ወርኃዊ ክፍያዎ ላይ ይጨምረዋል።

ዕዳው ያላለቀን መኪና ወደ ሌላው ስቴት ማዞር እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። ታይትሉ፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለው፣ አበዳሪው እጅ ነው። አዲሱ ስቴት እንዲያስመዘግብልዎ አበዳሪው ታይትሉን ወይም ደብዳቤ መላክ አለበት፤ ያም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ከመዛወርዎ በፊት ይደውሉላቸው። ሊዝ ከሆነ ባለቤቱ የሊዝ ኩባንያው ስለሆነ ያለ እሱ ፈቃድ ምንም አይደረግም።

ሌላው ስቴት ሳስመዘግብ ቀረጥ እንደገና እከፍላለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ድጋሚ አይከፍሉም፤ ምንም ሳይከፍሉም አይቀሩም። ቴክሳስ አዲስ ነዋሪን 90 ዶላር ብቻ ነው የምታስከፍለው፤ እዚያው መኪና ለሚገዛ ግን 6.25 በመቶ ነው። ፍሎሪዳ 6 በመቶ ትጠይቃለች፤ መኪናውን ሌላ ስቴት ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከነዱት ግን አይከፍሉም። ሆኖም በስምዎ ፍሎሪዳ ላይ መኪና ተመዝግቦ የማያውቅ ከሆነ 225 ዶላር የመጀመሪያ ምዝገባ አለ። ጆርጂያ ለአዲስ ነዋሪ የመኪናውን ዋጋ 3 በመቶ ታስከፍላለች። የድሮውን የግዢ ወረቀትና ቀረጥ የከፈሉበትን ማስረጃ ይዘው ይሂዱ።

ቨርጂኒያን በተለይ ልብ ይበሉ። እዚያ ካውንቲው ወይም ከተማው በመኪና ላይ በየዓመቱ የንብረት ግብር ይጥላል፤ ፌርፋክስ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ ሁሉም ያስከፍላሉ። የሜሪላንድ ታርጋ ያለው መኪና አሌክሳንድሪያ ግቢዎ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ካደረ ግብሩ ይመለከትዎታል። ዋሽንግተን ዲሲም በሌላ ስቴት ታርጋ በተደጋጋሚ መንገድ ላይ የሚታዩ መኪኖችን ተከታትላ ማስጠንቀቂያ የምትለጥፍበት አሠራር አላት።

የቴክኒክ ምርመራስ?

ፍሎሪዳ ምንም ምርመራ የላትም። ሜሪላንድ መኪናውን ሲያስመዘግቡ ጥብቅ ምርመራ ትጠይቃለች፤ የቆየ መኪና ከሆነ ጎማ፣ ፍሬንና መስታወት ላይ ወጪ ሊያስከትል ስለሚችል አስቀድመው ለሚያምኑት መካኒክ ያሳዩት። ከዚያ በኋላ በብዙ ካውንቲዎቿ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ታደርጋለች። ቴክሳስ የግል መኪና የደኅንነት ምርመራን ከጥር 2025 ጀምሮ አንሥታለች፤ ዳላስና ሂዩስተን አካባቢ ግን የጭስ ምርመራው አለ። አትላንታ ዙሪያ ባሉት 13 ካውንቲዎችና ላስ ቬጋስ ባለበት ክላርክ ካውንቲም የጭስ ምርመራ ይጠየቃል። የምርመራው ቀን እርስዎ ሌላኛው ቤት ሳሉ እንዳይደርስ ከመሄድዎ በፊት ያረጋግጡ።

በስሜ ያለውን መኪና ወንድሜ በሁለተኛው ቤቴ እየነዳው ነው። ችግር አለው?

አለው፤ ግን የሚስተካከል ነው። የእኛ ሰው መኪናውን ለወንድም፣ ለእኅት፣ ለአክስት ልጅ ትቶ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ደግም ነው። ኩባንያው ግን መኪናው የት እንደሚያድርና በየቀኑ ማን እንደሚነዳው ማወቅ አለበት። አልፎ አልፎ ለሚዋሰው ሰው ችግር የለም። በየቀኑ ሥራ የሚሄድበት ከሆነ ስሙ ይመዝገብ፤ አድራሻውም ይስተካከል። ወንድምዎ ለዓመታት የሚነዳው ከሆነ ደግሞ ታይትሉን ወደ እሱ ስም ማዞር ይሻላል። አደጋ ቢያደርስ የሚከሰሰው ባለቤቱም ጭምር ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ቤት ያለው ሰው ደግሞ የሚወሰድበት ነገር አለው።

ኡበርና ሊፍት እሠራለሁ። ሁለት ቤት መኖሩ ምን ይለውጣል?

የተለመደው የግል ፖሊሲ አፑ በርቶ እየሠሩ ሳለ የደረሰን አደጋ አይከፍልም። በብዙ ስቴቶች ጥሪ እየጠበቁ ሳለ ድርጅቱ የሚይዝልዎ ላያቢሊቲ 50 ሺህ፣ 100 ሺህና 25 ሺህ ዶላር ነው፤ የራስዎ መኪና ጉዳት ግን በዚያ ሰዓት ውስጥ አይገባም። ያንን ቀዳዳ የሚደፍነው ራይድሼር የሚባለው ተጨማሪ ሽፋን ነው፤ እሱም እንደ ፖሊሲው በየስቴቱ ነው የሚጻፈው። ሜሪላንድ ላይ ለመሥራት የስቴቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያ ፈቃድ ሌላኛው ስቴት ተከትሎዎት አይሄድም።

የሁለተኛው ቤቴ አድራሻ ኢንሹራንሱን በግማሽ ይቀንሰዋል። መኪናው እዚህ እያደረ ያኛውን ብሰጥ ማን ያውቃል?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች አታላዮች አይደሉም፤ ሁለት ሥራ እየሠሩ የሚኖሩ፣ በወር 300 ዶላር የከበዳቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልመልስ፦ የሚያውቀው አጣሪው ነው፤ የሚያውቀውም እርስዎ ገንዘቡን በጣም በሚፈልጉበት ቀን ነው። ፕሪሚየም የሚባለውን ክፍያዎን ሲቀበል ኩባንያው ብዙም አይመረምርም። ከባድ አደጋ ደርሶ ክሌም፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ፣ ሲገባ ግን አድጀስተር የሚባለው አጣሪ «ትናንት ማታ መኪናው የት ነበር ያደረው?» ብሎ ይጀምራል። የመንገድ ክፍያ የሚቆርጠውን የኢዚ ፓስ ዝርዝር ይጠይቃል። ዘይት የቀየሩበት ቤት የለጠፈውን ወረቀት ያያል፤ መስታወቱ ጥግ ላይ የከተማው ስም ተጽፎበታል። የደሞዝ ወረቀት፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ለፖሊሱ የነገሩት አድራሻ አለ።

አንድ ላይ ካልገጠሙ ኩባንያው በማመልከቻው ላይ ሐሰት ተነግሯል ብሎ ክሌሙን ሊከለክል፣ ፖሊሲውንም ከመጀመሪያው እንዳልነበረ አድርጎ ሊሰርዝ ይችላል። የከፈሉትን ፕሪሚየም ይመልስልዎታል፤ የተሰበረው መኪና፣ የሆስፒታሉ ሂሳብና የሌላው ሰው ክስ ግን እርስዎ ላይ ይቀራል። በብዙ ስቴቶች ወንጀልም ነው። ዋጋው ከከበደዎት ዲዳክቲብሉን (አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ከኪስዎ የሚከፍሉትን) ከፍ ማድረግ፣ ከአሮጌ መኪና ላይ ኮሊዥኑን ማንሣት፣ የሦስት አራት ኩባንያ ዋጋ ማወዳደር፣ በዓመት ጥቂት ማይል የሚነዱ ከሆነ ያንን ማስመዝገብ አለ። እነዚህን አብረን ቁጭ ብለን ስናሰላ ብዙ ጊዜ በአድራሻው «ይገኛል» የተባለው ቅናሽ አብዛኛው በሐቅ ይገኛል።

ሞንታና ድርጅት ከፍቶ ያለ ቀረጥ ታርጋ ማውጣት ይቻላል ይባላል። እውነት ነው?

ሞንታና የሽያጭ ቀረጥ እንደሌላት እውነት ነው፤ እዚያ ድርጅት ከፍተው መኪናውን በድርጅቱ ስም የሚያስመዘግቡ ሰዎችም አሉ። መኪናው ግን የሚያድረው እርስዎ ግቢ ነው። የሚኖሩበት ስቴት ነዋሪነትዎን ካረጋገጠ ያልተከፈለውን ቀረጥ ከነቅጣቱ ይጠይቅዎታል፤ የኢንሹራንሱም ችግር ከላይ ያለው ነው። ሞንታና ውስጥ ቤት ከሌለዎት አይሞክሩት።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። መንጃ ፈቃድ ወይም አድራሻ ስቀይር የሚያሰጋኝ ነገር አለ?

አዎ፤ ከታርጋው ሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ወይም አድራሻ ሲቀይሩ ቅጹ ወይም ስክሪኑ ላይ ለድምፅ መስጠት መመዝገብ ይፈልጉ እንደሆነ፣ የአሜሪካ ዜጋ ይሆኑ እንደሆነ ይጠየቃሉ። ዜጋ ካልሆኑ «አይ» ይበሉ። ሳያነቡ በችኮላ «አዎ» ማለት ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት እንደመናገር ሊቆጠር ይችላል፤ ያ ዜግነት ከማስከልከል አልፎ ከአገር እስከ ማስወጣት ይደርሳል። ባለጉዳይ አስተናጋጁ ቢያጣድፍዎትም ያቁሙት፤ ካልገባዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ። የተሰጥዎትን የታተመ ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት፤ ተሳስቶ ካዩ እዚያው መስኮቱ ላይ ሳሉ ያስተካክሉት።

ከዚያ በተጨማሪ ዜጋ ያልሆነ ሰው መኖሪያውን ሲቀይር በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ ቅጹ ኤአር-11 ይባላል፤ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ክፍያ የለውም። ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት መናገር ለኢሚግሬሽን እንደመናገር አይቆጠርም። ሁለት ቤት ያላቸው ሰዎች «ያኛውም የእኔው ነው» ብለው ይተዉታል፤ ጠቅልለው የገቡበትን ቀን ግን ቆጥረው ቅጹን ይሙሉ፤ የመጣልዎትን ማረጋገጫም አትመው ከፓስፖርትዎ ጋር ያኑሩት።